ስምንት ባልንጀሮች፣ አራት ሜዳ፣ አንድ ቀን፦ የጠረጴዛ ጦርነት ውድድር አዘገጃጀት

ሁለት ሚሊሜትር የሃያ ዓመት ባልንጀሮችን ለግማሽ ሰዓት ሊያኳርፍ ይችላል። ፈረሰኛው እግረኛው ዘንድ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? አንዱ ለክቶ "ደርሷል" ይላል፤ ሌላው በራሱ ሜትር ለክቶ "አልደረሰም" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱ ሜትሮች ግን እኩል አይደሉም።

ይህ ማብራሪያ በትናንሽ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ የሚደረገውን የታሪክ ጦርነት ጨዋታ ከሥሩ ያስረዳል። ምሳሌ አድርጎ የሚይዘውም ስምንት የቆዩ ባልንጀሮች ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ በአንድ ቀን ሊጨርሱት የሚችሉትን ውድድር ነው። "የወዳጅ ጨዋታ ስለሆነ ደንቡ ላላ ይበል" የሚሉ ብዙ ናቸው። እኛ በዚህ አንስማማም። ከማያውቁት ሰው ጋር የሚጫወት ሰው ቅር ሲለው ዳኛ ይጠራል። ከወዳጁ ጋር የሚጫወት ግን ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ያላመነበትን "ይሁን" ብሎ አሳልፎ ቅሬታውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ልኬቱ፣ ሰዓቱና ነጥቡ የመጀመሪያው ዳይስ ሳይወረወር ቁርጣቸው መታወቅ ያለበት በተለይ በወዳጆች መካከል ነው።

ጨዋታው እንዴት ይሠራል

ሁለት ተጫዋቾች አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። እያንዳንዳቸው የታወቀ ቁጥር ያለው ጦር ይይዛሉ፤ ተራ በተራ ያንቀሳቅሳሉ፤ ሲገናኙ በዳይስ፣ ማለትም ከ1 እስከ 6 ነጥብ ባለው ኩብ፣ ይዋጋሉ። በአገራችን ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱም ወገን መጀመሪያ ተራ ሳይጠብቁ ያሰልፋሉ፤ ይህ ወረራ ይባላል፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። በጠረጴዛው ጦርነት ግን ማሰለፍም በተራ ነው፤ ትልቁ ልዩነት ደግሞ የአበላሉ ነገር ነው። ሰንጠረዥ ላይ የደረሰ ጠጠር ይበላል። እዚህ የደረሰ ሁሉ አይበላም፤ ሊመለስም ሊወድቅም ይችላል። የአዛዡ ሙያ ዕድሉ ወደ እሱ የሚያደላበትን ቦታ መፍጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያ ጦር በካርታና በዳይስ የሚካሄድ ጨዋታ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ የተቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው። መኮንኑ እርግጠኛ ባልሆነ ነገር ላይ መወሰንን ይለማመድበታል።

ደንብ በመቶ ገጽ የሚቆጠር አለ፣ በጥቂት ገጽ የሚያልቅም አለ። ለአንድ ቀን ውድድር የሚበጀው ዲ.ቢ.ኤ. ተብሎ የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1990 እንግሊዝ አገር የወጣው ደንብ የዘረጋው መንገድ ነው። እያንዳንዱ ጦር 12 ጓድ ብቻ አለው፤ አንድ ግጥሚያም በአንድ ሰዓት ግድም ያልቃል። ከዚህ በታች የምንሰጠው ያንን መሠረት ይዞ ለወዳጆች ቀን የቀለለ ነው።

ጓድ የምንለው አንድ መቆሚያ ላይ የተለጠፉ ከ2 እስከ 4 ምስሎችን ነው። መቆሚያው አይበተንም፤ የሚንቀሳቀሰውም የሚወድቀውም በጠቅላላው ነው። የሁሉም ጓድ መቆሚያ ወርዱ 40 ሚሊሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ግን ይለያያል፦ ለጦረኛና ለቀስተኛ 15፣ ለቀላል እግረኛ 20፣ ለፈረሰኛ 30 ሚሊሜትር። ለአንድ ጦር የምንመክረው አደላደል ይኸው፦ አዝማቹ ያለበት 1 የፈረሰኛ ጓድ፣ ሌላ 3 የፈረሰኛ ጓድ፣ 4 የጦረኛ ጓድ (ጋሻና ጦር የያዘ)፣ 2 የቀስተኛ ጓድ እና 2 የቀላል እግረኛ ጓድ። በፈረሰኛ መቆሚያ 3፣ በጦረኛና በቀስተኛ 4፣ በቀላል እግረኛ 2 ምስል ይለጠፋል። ሲደመር ለአንድ ጦር 12 ፈረሰኛና 28 እግረኛ፣ በጠቅላላው 40 ምስል ይሆናል። ለስምንት ጦር 320 መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ቡድን ሦስት ጦር ሠርቶ አራተኛው ላይ የሚደክመው ሳይቆጥር ስለሚጀምር ነው።

በየተራው ተጫዋቹ አንድ ዳይስ ይወረውራል። የወጣው ቁጥር የትእዛዝ ነጥቡ ነው፤ 4 ከወጣለት አራት ጓድ ወይም አራት ክምችት ያንቀሳቅሳል። ክምችት ማለት ጠርዝ ለጠርዝ ተያይዘው የቆሙ ጓዶች ናቸው፤ ስድስት ጓድ ቢሆኑም በአንድ ነጥብ አብረው ይሄዳሉ። ከአዝማቹ ከ32 ሴንቲሜትር በላይ የራቀን ጓድ ለማንቀሳቀስ ግን አንድ ተጨማሪ ነጥብ ያስከፍላል። ጀማሪ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራዎች 5 እና 6 ይወጣለትና ጦሩን በአራት አቅጣጫ ይበትነዋል፤ በሦስተኛው 1 ሲወጣ አንዱን ብቻ አንቀሳቅሶ የቀረውን ቆሞ ያያል። 1 የመውጣት ዕድል ከስድስት አንድ ነው፤ በስምንትና በአሥር ተራ ግጥሚያ ሳይመጣ አይቀርም። መስመሩን እስከ ግጭቱ ድረስ አያይዞ የሚሄድ ሰው 1 ቢወጣበትም ዋናው ጦሩ ይንቀሳቀስለታል።

የእርምጃው ልክ ቀላል ነው፦ ጦረኛና ቀስተኛ 8፣ ቀላል እግረኛና ፈረሰኛ 12 ሴንቲሜትር። ቀስት የሚደርሰው እስከ 12 ሴንቲሜትር ነው።

ከ36 አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ

የውጊያው ስሌት የጨዋታው ልብ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ሁለት ጓዶች ሲጋጠሙ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ዳይስ ወርውሮ በጓዱ ኃይል ላይ ይደምራል። የጦረኛ ኃይል 4፣ የፈረሰኛ 3፣ የቀላል እግረኛ 2 ነው፤ የቀስተኛ ከእግረኛ ጋር 2፣ ከፈረሰኛ ጋር 4 ነው። አዝማቹ ያለበት ጓድ 1 ይጨመርለታል፤ ከፍታ ላይ ለቆመም 1 ይጨመራል። ከቀላል እግረኛ በቀር ሸካራ መሬት ውስጥ የሚዋጋ ሁሉ 2 ይቀነስበታል። ድምሩ ያነሰው ጓድ የመቆሚያውን ጥልቀት ያህል ያፈገፍጋል። ድምሩ የተጋጣሚው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይወድቃል፤ ከጠረጴዛው ይነሣል። እኩል ከወጣ ሁለቱም ባሉበት ይቆማሉ።

ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወጣጥ አለው። ጦረኛ ከጦረኛ፣ 4 ለ4 ሲገጥም፣ በ15ቱ አንዱ ያሸንፋል፣ በ15ቱ ሌላው፣ በ6ቱ እኩል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ተጋጣሚውን የሚጥለው ግን አንዱ ብቻ ነው፦ 6 ለ1። 4 ሲደመር 6 አሥር፤ 4 ሲደመር 1 አምስት፤ አምስት የአሥር ግማሽ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ብቻ የሚገፋ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢወረውር ብዙ አይጥልም።

አሁን መስመሬ ከተጋጣሚዬ መስመር በአንድ ጓድ ረዘመ እንበል። የዳር ጓዴ ከተጋጣሚው የዳር ጓድ ጎን ያለፈ ቦታ ላይ ይቆማል። ይህ መጋፋት ይባላል፤ የተጋፋው 1 ይቀነስበታል። ውጊያው 4 ለ3 ይሆናል፤ የሚጥለው አወጣጥም ከአንድ ወደ አራት ይወጣል። በሁለቱም ጎን ከተጋፋ 4 ለ2 ይሆናል፤ ዘጠኝ ይደርሳል። ከ36 አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ። ይህን በቃሉ የያዘ ሰው ጦሩን ለምን ሰፋ አድርጎ እንደሚዘረጋ ማንም አያስተምረውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። አንድ ጓድ ጠላት ጎኑን በፊቱ ጠርዝ ነክቶት እያለ ቢሸነፍ ማፈግፈጊያ የለውም፤ ግማሽ ባይሆንም ይወድቃል። በዚህ ጊዜ 4 ለ3 ውጊያ ላይ 4 የያዘው የሚያሸንፍባቸው 21 አወጣጦች ሁሉ ይጥላሉ። ከ36 አንድ የነበረው 21 ሆነ ማለት ነው። ፈረሰኛ ኃይሉ ከጦረኛ ያነሰ ሆኖ ሳለ ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ 12 ሴንቲሜትሩ ጎን ላይ ያደርሰዋል። የድሮው የጦር ሹመታችን ስሞች ራሳቸው ይህን ይናገራሉ፦ ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ። ጀማሪን ስታስተምሩ 12ቱን ጓድ በእነዚህ ሦስት ስሞች ከፍላችሁ አስይዙት፤ "ቀኝ አዝማችህን ማን ይጠብቀዋል?" የሚለው ጥያቄ ከአንድ ገጽ ደንብ ይበልጥ ይገባዋል።

ግጥሚያው የሚያልቀው በአንድ ተራ መጨረሻ ላይ አንደኛው ወገን 4 ጓድ ካጣና ያጣው ከተጋጣሚው ከበለጠ ነው። ሁለቱም አራት አራት ካጡ ልዩነት እስኪመጣ ይቀጥላሉ።

የትኛውን ጦርነት?

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ርእስ አይቸገርም። ለ12 ጓድ ደንብ የምንመርጠው እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 የነገሡት ዐፄ አምደ ጽዮን ከኢፋቱ ሱልጣን ሰብረዲን ጋር ያደረጉትን ነው። ኢፋት ከደጋው ጠርዝ በታች፣ በምሥራቁ ቆላ የነበረ የታወቀ የሙስሊም መንግሥት ነው፤ ስለ ዘመቻውም በግዕዝ የተጻፈ ዜና መዋዕል አለ። ሁለቱም ወገን በፈረስ፣ በጦር፣ በጋሻና በቀስት የተዋጉ ስለሆነ ጦሮቹን ማመጣጠን ቀላል ነው። ከዚህ ወዲህ የሚመጣው የ1529ኙ (እ.ኤ.አ.) የሽምብራ ኩሬ ጦርነትም ይሆናል።

ሰገሌን የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው፤ ስሜቱ ይገባናል፤ ሜዳው ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ደጋ ላይ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል የተማረኩበት፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድ የወደቁበት ዘመቻ ነው። ችግሩ የመሣሪያው ነው። ይህ ደንብ ለጦርና ለጎራዴ የተሰናዳ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ ጦር ከሩቅ ስለሚገዳደል የ12 ሴንቲሜትሩ ቀስት ሊወክለው አይችልም፤ በጎን የመጋፋቱ ስሌትም ትርጉሙን ያጣል። ሰገሌ ራሱን የቻለ ደንብና ሰፊ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ለሌላ ቀን ይቆይ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንላለን። ሐዘንተኛው ገና ቤት ውስጥ ያለበትን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ አታውጡ። ሰሜን ሸዋ የቅርብ ጊዜ ቁስል ያለበት አገር ነው፤ ከስምንት ባልንጀሮች አንዱ ወንድም የቀበረ ሊሆን ይችላል፤ ይሉኝታ ይዞት "አልጫወትም" ላይል ይችላል። መቶ ዓመት ያላለፈውን መተው ደግ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሃይማኖት ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ማዕድ ዙሪያ በሚቀመጡበት በኢፋትና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ሙስሊሙ ጓደኛ ሁልጊዜ ኢፋትን፣ ክርስቲያኑ ሁልጊዜ አምደ ጽዮንን እንዲይዝ ማድረግ ጨዋታውን ያበላሻል። መፍትሔው ጦሮቹ የማንም አለመሆናቸው ነው። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ የአምደ ጽዮንና አንድ የኢፋት ጦር ይቀመጣል፤ ተጫዋቾች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ፤ ማን የትኛውን እንደሚይዝ በየዙሩ ዕጣ ይወስናል። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፦ "የእሱ ጦር ይሻል ነበር" የሚባል ሰበብ አይኖርም፤ ምስል ያልሠራ ሰውም ባዶ እጁን መጥቶ ይጫወታል።

ሜዳውና ምስሎቹ

የአንድ ግጥሚያ ሜዳ 60 በ60 ሴንቲሜትር ነው። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 122 በ244 ሴንቲሜትር ስለሆነ ስምንት እንደዚህ ያለ ሰሌዳ ይወጣዋል፤ የሚተርፈው ጥቂት ሴንቲሜትር ለመጋዝ ይሆናል። ለአራት ጠረጴዛ ግማሹ ይበቃል ማለት ነው። ቀጭን ሰሌዳ በክረምት እርጥበት ይጎብጣልና ከ8 ሚሊሜትር ባያንስ ይመረጣል፤ ጀርባውንም ፊቱንም እኩል ቀለም ቀቡት፤ ባንድ ወገን ብቻ የተቀባ ሰሌዳ ጎብጦ እንደ ሰፌድ ይሆናል።

መሬቱን ለማልበስ ብርድ ልብስ ጥሩ ነው፤ ከሥሩ ካርቶን ወይም ፎም ሲገባ ተፈጥሯዊ ጉብታ ይሠራል። የመንዝ ባና ደግሞ ቀለሙ የታረሰ የደጋ መሬት ይመስላል። ነገር ግን ጠጉሩ የበዛ ከሆነ 15 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው መቆሚያ አይቆምበትም፤ የቆየና የሳሳውን ምረጡ። ሣር ለማስመሰል የአናጢ ሰጋቱራ በወንፊት ተነፍቶ፣ በውኃ በቀጠነ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ተለውሶ፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በኮላ ይነሰነሳል። የደረቀ የጥድ ቅርንጫፍ ጫፍ ዛፍ ይሆናል፤ የጤፍ ጭድ የጎጆ ክዳን ይሆናል። ለአንድ ሜዳ ከሦስት እስከ አምስት የመሬት ገጽታ ይበቃል፤ አንድ ኮረብታና አንድ ሸካራ መሬት ግዴታ ነው። የጣርማ በርን ገደል ጠረጴዛ ላይ ለማምጣት የሚፈተን ብዙ ነው። ማንም የማያልፍበት ገደል ከሜዳው ሩብ በላይ ሲይዝ ሁለቱ ጦሮች ሳይገናኙ ሰዓቱ ያልቃል። ገደሉ በአንድ ጠርዝ ብቻ ይሁን።

የብረትና የፕላስቲክ ምስሎች ቁመታቸው በሚሊሜትር ይነገራል፤ ለዚህ ደንብ 15 ሚሊሜትር ይስማማል፤ በ28 ሚሊሜትር መጫወት የሚፈልግ መቆሚያውን ወደ 60 ሚሊሜትር፣ ሜዳውን ወደ 90 ሴንቲሜትር ያሳድጋል። ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስላክ ካልተቻለ የወረቀት ምስል በምንም አያንስም፤ ለ320 ምስል ደግሞ ሳይሻል አይቀርም። ሥዕሉ ፊትና ጀርባ ሆኖ በግራና በቀኝ ይሣላል፤ ባለ 160 ግራም ወረቀት ላይ ይታተማል፤ በመካከሉ ይታጠፍና በኮላ ስቲክ ይጣበቃል። ውኃ የበዛበት ኮላ ወረቀቱን ያጨማድደዋል፣ የአታሚውንም ቀለም ያፈሰዋል። ከታች 5 ሚሊሜትር ተረፍ አድርጉ፤ እሱ ወደ ውጭ ታጥፎ መቆሚያው ላይ ይለጠፋል። የወረቀት ምስል ቀላል ስለሆነ በር ሲከፈት ይወድቃል፤ ከመቆሚያው ሥር አነስተኛ የብሎን ሮንዴላ ብትለጥፉበት ይቆማል። ሮንዴላው ከመቆሚያው ጠርዝ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ፤ ከወጣ ጓዶቹ ጠርዝ ለጠርዝ አይገጥሙም።

ብረት የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ የደብረ ብርሃንን ብርድ አትርሱ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ክፍሉ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ አክሪሊክ ቀለም በዚያ ቅዝቃዜ በደንብ አይያያዝም፤ በኋላ በጥፍር ይላጣል። ከረፋዱ ጀምሮ ቀቡ። የሚረጭ ቫርኒሽ በክረምት እርጥበት ላይ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል፤ በብሩሽ የሚቀባው ይሻላል። ሱፐር ግሉም በተዘጋ ሳጥን ውስጥ እንዲሁ ነጭ አቧራ ይተዋልና ሌሊቱን ክፍት ይደር።

ብዙዎች ዘግይተው የሚያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ጦር ነጭ ሸማ የለበሰ ከሆነ ከግማሽ ሜትር ርቀት አይለዩም። በውጊያ መካከል የራስን ጓድ ትቶ የሌላውን ማንሣት ይመጣል። የመቆሚያዎቹን የኋላ ጠርዝ የአንዱን ጦር ቀይ፣ የሌላውን ሰማያዊ ቀቡ። ከሥሩም የጠረጴዛውንና የጓዱን ቁጥር ጻፉ።

ልኬትና ዳይስ

ወደ ሁለቱ ሚሊሜትር እንመለስ። የሜትር ጫፍ ላይ ያለው መንጠቆ ሆን ተብሎ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ነው የተሠራው፤ ከውጭ ሲገፋና ሲሳብ የራሱን ውፍረት ያካክሳል። ርካሽ ሜትር ላይ ምስማሩ ሲላላ ይህ እንቅስቃሴ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ሜትር ጠረጴዛ ላይ አይቅረብ። ለእያንዳንዱ ሜዳ ከአንድ ጣውላ የተቆረጡ ሦስት በትሮች ይቀመጡ፦ 8፣ 12 እና 32 ሴንቲሜትር። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ በትር ይለካሉ። በትሩ ቢሳሳት እንኳ ለሁለቱም እኩል ይሳሳታል።

ዳይስም እንዲሁ የጋራ ይሁን፤ ለአንድ ሜዳ ሁለት። ሚዛኑ የተዛባ ዳይስ ለመለየት ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ላይ ጨው መሟሟት እስኪያቆም ጨምሩ፤ ለ100 ሚሊሊትር 35 ግራም ገደማ ይበቃል። የፕላስቲኩ ዳይስ ይንሳፈፋል። በጣት እየመታችሁ አሥር ጊዜ አሽከርክሩት፤ አንድ ገጽ ደጋግሞ ወደ ላይ ከመጣ ተዉት። የሚሰጥም ዓይነት ከሆነ ይህ ፈተና አይሠራበትም። ዳይስ የሚወረወረው ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ ነው፤ ተደግፎ ያጋደለ ወይም ከሣህኑ የወጣ ሳይከራከሩ ይደገማል።

የቀኑ አካሄድ

ለስምንት ሰው ሦስት ዙር በቂ ነው፦ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ። ተሸናፊን የሚያስወጣ ጥሎ ማለፍ ግን ለወዳጆች አይሆንም፤ ከሩቅ የመጣ ሰው በጠዋቱ ተሸንፎ ቀኑን ሙሉ ተመልካች ይሆናል። ሁሉም ከሁሉም ይጋጠም ቢባል ደግሞ 28 ግጥሚያ፣ ሰባት ዙር ነው፤ በአንድ ቀን አይገባም። መካከለኛው እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ላይ በቼዝ ውድድር የተጀመረውና የስዊስ ስልት የሚባለው ነው። ማንም አይወጣም፤ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ፤ የተገናኙ ዳግም አይገናኙም። የመጀመሪያው ዙር ድልድል በዕጣ ነው፤ ነገር ግን በየሳምንቱ እርስ በርስ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች በአንደኛው ዙር ባይገጥሙ ይሻላል።

ዕጣ ጠዋት 3 ሰዓት፤ አንደኛ ዙር ከ3:15 እስከ 4:30፤ ሁለተኛ ከ4:45 እስከ 6:00፤ ምሳ እስከ 7:15፤ ሦስተኛ ዙር እስከ 8:30። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡና ይቀርባል፤ ወደ ደብረ ሲናም ወደ መሐል ሜዳም የሚመለስ ሰው መኪና ያገኛል። ሁሉም በቀን ብርሃን ስለሚያልቅ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም፤ ሰዓት የሚይዘው ስልክ ብቻ ቻርጅ ይኑረው። የጾም ቀን ከሆነ ምሳው አስቀድሞ ይታሰብ። ምግብና ቡና ወደ ሜዳው ጠረጴዛ አይቀርብም፤ አንድ ስኒ የአንድ ክረምት ሥራ ያበላሻል።

75ቱ ደቂቃ እንዲህ ይከፈላል፦ 10 ለማሰናዳት፣ 60 ለጨዋታ፣ 5 ለመመዝገብ። በማሰናዳቱ ላይ ክርክር እንዳይነሣ አባቶች ቁርስ ሲያካፍሉ የሚያደርጉትን አድርጉ፦ አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ይመርጣል። ሁለቱም ዳይስ ወርውረው ያነሰ የወጣለት ኮረብታውንና ሸካራውን መሬት ይደረድራል፤ ሌላው በየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ ይመርጣል። የሚደረድረው ሰው የትኛው ወገን እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እኩል አድርጎ ይደረድራል።

ነጥቡ እንደ እግር ኳስ ነው፤ ማሸነፍ 3፣ አቻ 1፣ መሸነፍ 0። እኩል ነጥብ ሲመጣ በጣልካቸው ጓዶች ቁጥር መለየት ቀላል ይመስላል፤ ጉዳት ግን አለው። ማሸነፉ እንደማይቀር ያወቀ ሰው ቁጥር ለመጨመር ጀማሪውን እያሳደደ ይጨርሰዋል። የተሻለው መለያ የተጋጣሚዎችህ ነጥብ ድምር ነው፤ ከጠንካሮች ጋር ተጋጥሞ ያው ነጥብ ያገኘ ይበልጣል። በዚያም እኩል ከሆኑ እርስ በርስ የተጋጠሙበት ይታያል፤ ካልተጋጠሙ ሁለቱም አንደኛ ናቸው። በወዳጆች መካከል ሁለት አንደኛ መኖሩ ምንም አይጎዳም፤ በዳይስ መለየት ነው የሚጎዳው።

አቻ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዝግታ ነው። በአንድ ጓድ የተቀደመ ሰው በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ማሰብ ያበዛል፤ ሆን ብሎ ላይሆንም ይችላል። ሰዓት ያዡ 10 ደቂቃ ሲቀር ጮክ ብሎ ይናገር፤ ሰዓቱ ሲሞላ ሁለተኛው ተጫዋች ተራው እኩል እስኪሆን ይጨርሳል። በዚያን ጊዜ የሁለት ጓድ ልዩነት ካለ አሸናፊ አለ፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ አቻ ነው። ይህ ጠዋት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ካልተለጠፈ ግን የከሰዓቱ ክርክር ከዚህ ይጀምራል።

ሰባት ሰው ቢመጣ ምን ይደረጋል? በየዙሩ አንድ አራፊ ይኖራል፤ 3 ነጥብ ይያዝለታል፤ ደግሞ አያርፍም። የውድድሩ አዘጋጅ ደንቡን የሚያውቅ ከሆነ ራሱ ስምንተኛ ሆኖ ቢገባ ይመረጣል፤ ነጥቡ ግን ለተጋጣሚው ብቻ ይቆጠራል።

የመጨረሻው ፈተና ተመልካቹ ነው። ገበጣና ዳማ በሚጫወቱበት ቦታ ሁሉ ከዳር ቆሞ "በዚህ በኩል! በዚህ በኩል!" የሚል አይጠፋም፤ እዚያ የጨዋታው ለዛ ነው። በውድድር ላይ ግን ምክሩ የአንዱን ጎን ይከፍታል፤ ከሦስት ሰው ጋር እንደተጋጠመ የሚሰማው ሰው ደግሞ ተናግሮ ወዳጆቹን ማስቀየም አይፈልግም። ግጥሚያውን ቀድሞ የጨረሰ ሰው ወደ ሌላ ሜዳ ሲሄድ ደንብ ቢጣስ እንኳ ዝም ይበል፤ ተጫዋቾቹ ከጠየቁት ብቻ ይመልስ። በደንብ ትርጉም ላይ ክርክር ሲነሣ ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ካልተስማሙ ዳኛው የመሰለውን ይፈርዳል፤ ፍርዱ ለዚያ ቀን ለአራቱም ሜዳ ይሠራል፤ ይመዘገባል። ዳኛው ከተጫዋቾቹ አንዱ ከሆነ በራሱ ግጥሚያ ላይ የሚፈርድ ምክትል ጠዋት ይሰየም።

ሲያልቅ ማንም ከጠረጴዛው ሳይነሣ 12ቱን ጓድ በቁጥራቸው ይቆጥር። ምስሎቹ በእንቁላል ካርቶን ውስጥ ቆመው፣ ክፍተቱ በጥጥ ተሞልቶ ይታሸጋሉ። የቀዩ ጦር ከሰማያዊው ጋር በአንድ ሳጥን አይገባም፤ የጎደለ ጓድ የሚገኘው ሁልጊዜ በሌላኛው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ግን በዚያን ጊዜ መንዝ ደርሷል።